የቤታችሁን ብር በግራም ከመሸጣችሁ በፊት ለዚህች እህት አሳዩዋት

የእናቴን የብር ድሪ ለጥር ሠርጋችን ላደረሰችልን የደብረ ማርቆስ ብር ሠሪ እህታችን ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ እጅሽ ይባረክ!

ድሪው ተበጥሶ፣ ዘለበቶቹም ጎድለው ለዓመታት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አስቀድሜ ያሳየሁት አንድ ቤት «አቅልጠን በአዲስ እንሥራው፤ ካልሆነም በግራም እንግዛሽ» ነበር ያለኝ። እሷ ግን «የሚጠገን ነገር አይቀልጥም» አለችና ፊቴ መዝና ክብደቱን ጽፋ ሰጠችኝ። ስታስረክበኝም እንደዚያው መዝና ነው።

አያቴ ድሪውን ያሠሩት ጠገራ ብር ሰጥተው እንደሆነ በቤታችን ይነገራል። ይህን ስነግራት ሥራዋን ከዚያ ጀመረች። አንድ ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። የጎደለው ዛሬ በሚሸጠው፣ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ በሆነው ብር ቢሞላ መልኩ እያደር ይለያል ብላ፣ አዲሶቹን ዘለበቶች መዳቡን በልኩ ጨምራ ሠራቻቸው። መበየጃውንም ከድሪው ቀድሞ እንዲቀልጥ አድርጋ ስላዘጋጀችው የድሮው ብር ሳይጎዳ ተያያዘ። በጎድጓዳው ያለውን ጥቁረት ግን ሆን ብላ አልነካችውም፤ ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው በእሱ ነውና። የትኛው ዘለበት አዲስ እንደሆነ እናቴ እንኳ መለየት አልቻለችም።

አባቷ አንጥረኛ ነበሩ፤ ወናፍ እየነፋች ነው ያደገችው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ እሷንም ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏታል። አዲስ አበባ፣ አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ ተምራ ተመረቀችና ተመልሳ የአባቷን መዶሻ ያዘች። እኔ ለዚህ ድፍረቷ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

የራሷን ፈጠራዎችም እዩላት። እቴጌ እሌኒ ባሠሯት መርጡለ ማርያም ድንጋዮች ላይ የተቀረጹትን አበቦች የአንገት ጌጥ አድርጋቸዋለች። መጀመሪያ በሰም ትቀርጽና በጭቃ ትለብጠዋለች፤ ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው የቀለጠ ብር ይፈስበታል። ጭቃው ተሰብሮ ስለሚወጣ የእናንተን ጌጥ ቁርጥ የሚመስል ሌላ ሰው አንገት ላይ አታዩም።

ሥራዋ ጊዜ ይወስዳል፤ የሠርግ ጉዳይ ያላችሁ ቀደም ብላችሁ ውሰዱላት። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።