ጎማው የለቀቀው ካሜራ፦ ያገለገለ ኒኮን ዲ750 የገዛሁበት ታሪክ

ካሜራው ኒኮን ዲ750 ነው። ያገለገለ። ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አይቼ ከማላውቀው ሰው ገዛሁት። እጄ ከገባ ሰባት ወር ሆነው። ስለ ካሜራው ትንሽ፣ ስለ ግዢው ግን ብዙ እጽፋለሁ። ስለ ካሜራው የተጻፈ ሞልቷል። ስለ አሮጌ ዕቃ ግዢ ግን ሰው የሚያወራው ሲሸወድ ብቻ ነው።

ከማስታወቂያው ልጀምር። አብዛኛው ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ነው። «በጣም ንጹህ»፣ «እንከን የማይወጣለት»፣ «አዲስ በሉት»። የእኚህ ሻጭ ግን እንዲህ ይላል፦ «የኋላው ጎማ ለቋል። ስክሪኑ ላይ ጭረት አለ፣ ሲበራ አይታይም። ሻተሩ 92 ሺህ ገደማ መትቷል። ከዚህ ሌላ የማውቀው ችግር የለም።» ጎማ ያሉት አካሉ የለበሰውን የመያዣ ላስቲክ ነው። ሻተር ደግሞ ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ ነው። የለቀቀውን ጎማ በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው በቅርብ ፎቶ አንስተውታል። የጥፍራቸው ጥላ ሳይቀር ይታያል። ስንት ማስታወቂያ አገላብጫለሁ፤ የዕቃውን ጉድለት እንዲህ አጉልቶ ያሳየ ሰው አይቼ አላውቅም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተጠራጠርኩ። «ይህን ሁሉ ከተናገሩ የደበቁትማ ስንት ይሆን?» አልኩ በሆዴ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔም ከዚያ በፊት ሌንስ ገዝቼ ተበልቻለሁ።

ሌንሱን የገዛሁት ቀን ፀሐይ ነበር። መስታወቱ ያብረቀርቃል። ካሜራዬ ላይ ገጠምኩት፣ አነሳሁበት፣ ፎቶው ቆንጆ ወጣ። ከፈልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ላይ የስልኬን መብራት ከኋላው አብርቼ በጎን በኩል አየሁት። ውስጠኛው መስታወት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። ሌንስ እርጥበት ባለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ውስጡ ይበቅላል፤ ከቆየ የመስታወቱን ሽፋን ይበላዋል። በቀን ብርሃን ከፊት ለፊት ቢያዩት አይታይም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አይተሽ፣ ሞክረሽ ነው የወሰድሽው» አለኝ።

ይህች ንግግር እስካሁን ታበሽቀኛለች። ውሸት ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አይቻለሁ፣ ሞክሬያለሁ። ግን ያየሁት እሱ ሊያሳየኝ የፈለገውን ነው። ሌንሱን አራት ዓመት ይዞታል፤ እኔ የያዝኩት አሥር ደቂቃ ነው። አራት ዓመት ያወቀ ሰው አሥር ደቂቃ ያየችውን «ለምን አላየሽም» ሲላት፣ ጥንቃቄ ያስተማራት እንዳይመስለው።

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ጽፎ ነበር። ኋላ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ሐሳቡ ሲቀልል እንዲህ ነው። ሻጭ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው የማያውቀውን ስለሚፈራ ለሁሉም ዕቃ ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ደህና ዕቃ የያዘው ሰው በዚህ ዋጋ አይሸጥም፣ ይዞ ይቀመጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው ግርድፉ ነው። ይህን ያነበብኩት ከካሜራው በኋላ ነው። የጻፈው ስለ መኪና ይሁን እንጂ እኔን በደንብ ያውቀኛል።

ወደ ካሜራው ልመለስ። ሻጩን መጀመሪያ የጠየቅኳቸው አንድ ፎቶ ነው። ዛሬ የተነሳ፣ ምንም ያልተነካካ። «በቴሌግራም ሲልኩት እባክዎ እንደ ፋይል ያድርጉት» አልኳቸው። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ውስጡ ያለው መረጃ ይጠፋል። ኒኮን ካሜራ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደመታ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይጽፋል፤ የካሜራው ተከታታይ ቁጥርም አብሮ አለ። ፋይሉን ከፈትኩት። ከ92 ሺህ ትንሽ ያልፋል። ኒኮን የዚህን ካሜራ ሻተር የሞከረው እስከ 150 ሺህ ነው። እዚያ ሲደርስ ይሞታል ማለት አይደለም፣ ከዚያ በፊትም አይሞትም ማለት አይደለም። እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ሞዴል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ኒኮን ራሱ አንዳንዶቹ ላይ የሻተር ችግር እንዳለ አሳውቆ በነጻ ጠገነ። ከተነኩት መሆን አለመሆኑ በተከታታይ ቁጥሩ ይጣራል።  ከካሜራው ሥር የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ ጠየቅኩ። በዚያው «የዛሬን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈው ከጎኑ ያድርጉልኝ» አልኩ። ማስታወቂያ ላይ ያለ ፎቶ ከየትም ሊወሰድ ይችላል፤ በእጅ የተጻፈ ቀን ግን ካሜራው ዛሬ እሳቸው ጋ መኖሩን ይነግረኛል። ሳይቆጡ «እሺ» አሉ። ቁጥሩን አጣራሁ፤ ደህና ነው።

ቀብድ አልጠየቁኝም። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቶሎ ቀብድ ላኪ» የሚል ሻጭ ሲገጥመኝ ዕቃው ወርቅ ቢሆን ስልኩን እዘጋለሁ።

ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ በቀን ተገናኘን። አርባ ደቂቃ ያህል አስቆምኳቸው። ተከታታይ ቁጥሩን ከፋይሉ ጋር አመሳከርኩ። የሌንሱን ቀዳዳ በጣም አጥብቤ (ኤፍ 22) ነጭ ግድግዳ አነሳሁና ፎቶውን አጉልቼ አየሁ፤ ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ላይ፣ ሁለት የአቧራ ነጥብ አለ፣ በእጅ መንፊያ የሚጠፋ። ሜኑው ውስጥ የባትሪውን ዕድሜ ከ0 እስከ 4 የሚያሳይ ቦታ አለ። 0 አዲስ ነው፣ 4 ያለቀለት። አንዱ ባትሪ 0፣ ሌላው 3 አለኝ። «ያኛው ደክሟል፣ እንዲያው በምርቃት ውሰጂው» አሉ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ሁሉም እንዳሉት ሆነ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የለቀቀውን ጎማ በአውራ ጣቴ ገለጥኩና «ይሄ እኮ ለቋል፤ ትንሽ ይቀንሱልኝ» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እሱን እኮ ጽፌዋለሁ። ዋጋውን ሳወጣም እሱን ቆጥሬ ነው።»

ፊቴ ጋለ። ግን አልመለስኩም፣ ጎማውን ይዤ ቆምኩ። ቀነሱልኝ። ብዙ አይደለም፣ ግን ቀነሱልኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼው ነው። ሌንስ የሸጠልኝ ሰው ዝም ብሎ የፈለገውን ይዞ ሄደ። እሳቸው ስለተናገሩ ከፈሉ። ስንለያይ ጎማውን አሳይተውኝ «በማስቲሽ ታጣብቂዋለሽ፤ ብዙ እንደማይዝ ግን እወቂው፣ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ» አሉኝ።

የሠራሁት ሥራ የገባኝ አሮጌ ካሜራዬን ስሸጥ ነው። እንደ እሳቸው ልጻፍ ብዬ «ፍላሹ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ አይዘጋም» አልኩ ማስታወቂያው ላይ። አንዱ በጽሑፍ በዋጋው ተስማማ። መጣ። ካሜራውን ሳያበራ ፍላሹን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «ውይ፣ ይሄ እኮ ችግር አለበት» አለኝ፤ የፊቱ ድንጋጤ የእውነት ይመስላል። ያን ሰዓት በሆዴ ያልኩት «ሁለተኛ ብጽፍ!» ነው። ሸጥኩለት። የሻጬን ፊት ያየሁት ያኔ ነው። የቀነሱልኝን መልሼ ልላክላቸው አሰብኩ። አልላክሁም፤ አፈርኩም፣ ሳሳሁም። «ካሜራው ልክ እንዳሉት ነው፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ብቻ ጻፍኩላቸው።

ካሜራውስ? ወድጄዋለሁ። 24.3 ሜጋፒክስል ነው፤ ለእኔ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ጨለምለም ባለ ክፍል ውስጥ ያለ ፍላሽ የማነሳው ነገር አሮጌው ካሜራዬ የማያስበው ነው። ሁለት ካርድ ይይዛል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ላይ ቅጂው አለ። ስክሪኑ ታጠፍ ይላል፣ ዝቅ ብሎ ለማንሳት ከመንበርከክ ያድናል። በጣት የሚነካ ግን አይደለም፤ የስልክ ልማድ ይዞኝ ስንቴ ነክቼው ሳቅሁ። አካሉ ብቻውን 750 ግራም ነው። ሌንስ ሲጨመርበት ማታ ላይ ትከሻ ያውቀዋል። ቪዲዮ ለሚበዛበት ሰው አልመክርም፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ለዚያ ይሻላሉ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ጭረት ሲበራ አይታይም፤ እውነታቸውን ነው። የደከመው ባትሪ ግማሽ ቀን ይዞ ይሞታል። ጎማውን በገዛሁ ሳምንት በማስቲሽ አጣበቅሁት። በአምስተኛው ወር ለቀቀ።