የባንክ አክሲዮን ወይስ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ?

ትንሽ ብር ቆጥባችሁ፣ የባንክ ድርሻ (አክሲዮን) ልግዛ ወይስ ብሩን ለተወሰነ ጊዜ ሳልነካ በወለድ ላስቀምጥ፣ የቱ ይሻላል እያላችሁ ነው?

ገቢ፦ የተቀማጭ ወለድ ገና ሳትፈርሙ ይታወቃል። የአክሲዮን ትርፍ ግን ሰኔ ላይ ሒሳብ ተዘግቶ፣ ኦዲት ተደርጎ፣ ብዙ ጊዜ ኅዳር ወይ ታኅሣሥ ላይ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ሲወስን ነው የሚለየው፤ ያውም ባንኮች ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ከታዘዙ ወዲህ ትርፉ በጥሬው ከሚከፈል ወደ አክሲዮን ይዙር ያሉ አሉ። ለአስቤዛ ያሰባችሁት ብር ወረቀት ሆኖ ቁጭ!

ስጋት፦ ተቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር የመድን ሽፋን አለው። አክሲዮን የለውም።

መውጫ፦ ተቀማጩን ቀድማችሁ ብታወጡ ወለዱ ነው የሚጎዳው። አክሲዮን ግን ገዢ ይፈልጋል፤ አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ቢከፈትም ገና ልጅ ነው።

ለመስከረም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከሆነ ተቀማጭ። አሥር ዓመት የማትነኩት ከሆነ አክሲዮን፣ ግን ሁሉንም አንድ ባንክ ላይ አትከምሩ።