ጓሮ ድረስ ዋይፋይ ያደረሰልን ሁለተኛ ራውተር፦ ቲፒ-ሊንክ ደብሊውአር840ኤን

ታላቅ እህቴ ቤይሩት ነው የምትሠራው፤ እረፍቷ እሁድ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ በኢሞ ስትደውል እማዬ ሁልጊዜ ጓሮ፣ ሰርቪስ ቤት ቡና እያፈላች ነው የምታገኛት። ፋይበሩ የገባው ደግሞ ሳሎን ነው። መሃል ላይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ የላሜራ በርና በቆርቆሮ የተከለለ መተላለፊያ አለ። የዋይፋይ ሞገድ ብሎኬቱን እንደምንም ያልፋል፤ ቆርቆሮና ላሜራ ግን ይመልሱታል። እማዬ «ፊቷ ደረቀብኝ!» እያለች ረከቦቱን ትታ፣ ስልኩን ይዛ ወደ ሳሎን ስትሮጥ ሳይ አንጀቴን ትበላው ነበር።

መጀመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ) ገዛሁ። ሻጩ «ሰርቪሱ ውስጥ ሰካው፣ አለቀ» አለኝ። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን አይንቀሳቀስም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሪፒተር የሚያስተላልፈው እሱ ጋ የደረሰውን ነው፤ የደረሰው ደካማ ከሆነ የሚሰጠውም ያው ነው። በዚያ ላይ ርካሾቹ ከራውተሩም ከስልኩም ጋር በአንድ ሬዲዮ ስለሚነጋገሩ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። የቤታችን መስመር 10 ሜጋ ሆኖ ሳለ ሰርቪስ ቤት ስለካው 2 እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ነው ከሳሎኑ ራውተር ጋር በኬብል የሚገናኝ ሁለተኛ ራውተር ጓሮ ለማስገባት የወሰንኩት። ደብሊውአር840ኤን ባለ ሁለት አንቴና ቀላል ዕቃ ነው፤ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፣ የኬብል መሰኪያዎቹም ከ100 ሜጋ አያልፉም። 200 ሜጋ ያስገባ ሰው ሌላ ይፈልግ። ለእኛ 10 ሜጋ ግን ከበቂ በላይ ነው፣ 2.4ም ከ5 ጊጋኸርዝ በተሻለ ግድግዳ ያልፋል።

ገንዘባችሁን ኬብሉ ላይ አትቆጥቡ። መርካቶ ሁለት ዓይነት ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ኬብል አሳዩኝ፣ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ከውስጥ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷን ልጬ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረግኳት። የርካሹ ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይበጠሳል። የውዱ እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ ነው። ከእሱ 35 ሜትር አስቆረጥኩ፤ ርቀቱ እስከ 100 ሜትር ቢሆንም ችግር የለውም። ደጅ የሚያልፍ ስለሆነ ፀሐይ የሚችለውን ጥቁሩን መርጫለሁ።

የቀረው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ «አክሰስ ፖይንት» የሚለውን መረጥኩ፤ በኬብል የመጣለትን ኢንተርኔት በዋይፋይ ማሰራጨት ብቻ ነው ሥራው። ይህን አትዝለሉት፤ አለዚያ ሁለቱ ራውተሮች ለስልኮች አድራሻ በማደል ሊጋጩ ይችላሉ። ስሙንና ፓስወርዱን ከሳሎኑ ጋር አንድ አደረግሁ፤ ሞገዳቸው እንዳይጋጭ ቻናሉን ግን ለየሁት፣ ሳሎኑ 1፣ ጓሮው 6። ሰርቪስ ቤት ቁጭ ብዬ ስለካው 9.4 መጣ። ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው።

አንድ የማይመች ነገር አለ፤ ከሳሎን ወደ ጓሮ ስትሄዱ ስልኩ የሳሎኑን ራውተር ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል፣ እማዬም ለምዳዋለች።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ራውተሮች ስለሚጠፉ ለየብቻ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ገዛሁላቸው። ስትሰኩ ቮልቱን እዩ፤ የእኛ የሳሎኑ 12 ነው፣ ይሄኛው 9 ነው፣ ባለ 9ኙ ላይ 12 ቢሰካ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። ባለፈው እሁድ ቶናው ሲቀዳ መብራት ሄደ። እህቴ ከቤይሩት «እማ፣ ጨለመብሽ እኮ፣ ሻማ አብሪ» ስትላት ከደጅ ሆኜ ሰማሁ።