«ቫይረስ ገዳይ» ተብሎ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ ዘይት ሲመዘን

በአዲስ አበባ የመዋቢያና የባህል መድኃኒት ሱቆች ኤሴንሻል ኦይል እየተባሉ ከሚሸጡት የዕፅዋት ዘይቶች አንዱ የባሕር ዛፍ ዘይት ነው። እዚህ የምመዝነው «መቶ በመቶ ንጹሕ፤ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ቫይረስ ገዳይ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን አንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ሲሆን፣ ሻጩም ለጉንፋን እንደሚታጠኑበት፣ ከንፈር ላይ ለሚወጣ ምች ደግሞ እንደሚቀቡት ነግሮ ነው የሸጠልኝ።

በዕቃው ላይ የማነሣው ቅሬታ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ዘይት ብርሃንና አየር ስለሚያበላሹት ጥቁር ቡናማ ጠርሙስ መመረጡ ተገቢ ነው፤ ወረቀት ላይ ያንጠባጠብሁትም ተንኖ ሲያልቅ የቅባት ምልክት አልተወም፤ የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበት ቢሆን ምልክቱ በቀረ ነበር። ሽታው ኃይለኛና ጥርት ያለ ነው።

መለያው ግን ከየትኛው የባሕር ዛፍ ዝርያ እንደወጣ እንኳ አይናገርም። የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ሲኒዮል ሲሆን የሽቶ ባሕር ዛፍ ግን ሲትሮኔላል ነው፤ ስለዚህ የአንዱን የምርመራ ውጤት ለሌላው ማዋል አይቻልም። የአውሮፓ የመድኃኒት መመዘኛ ለመድኃኒትነት የሚውል የባሕር ዛፍ ዘይት ቢያንስ 70 በመቶ ሲኒዮል እንዲኖረው ይጠይቃል፤ እዚህ ብልቃጥ ላይ ግን አንድም አኃዝ የለም።

«በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» የሚለው ሐረግ በተለይ መመርመር የሚገባው፣ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ስላልሆነ ነው። በጀርመን የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በሳህን ላይ ባደጉ የጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስን ሲፈትኑ፣ ቫይረሱ ሕዋሳቱን እየገደለ የሚያበጃቸው ባዶ ክቦች በግማሽ የቀነሱት የባሕር ዛፍ ዘይቱ 0.009 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ከንፈር ላይ ምች የምንለውን ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ይኸው ቫይረስ ስለሆነ ውጤቱ ያጓጓል። ነገር ግን በዚያው ጥናት ዘይቱ 0.03 በመቶ ሲደርስ የሕዋሳቱ ግማሽ ያህል ተጎድቷል። ቫይረሱን በሚያዳክመውና ሕዋሱን በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ከሦስት እጥፍ እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደግሞ መቶ በመቶ ነው፤ ሕዋሳቱን ከጎዳው መጠን ከ3000 እጥፍ በላይ። የደህና ሰው ቆዳ ሳህን ላይ ካለ ሕዋስ የበለጠ ዘይቱን እንደሚቋቋም አምናለሁ፤ የቆሰለ ከንፈር ግን ያ መከላከያ የለውም።

ዘይቱ የሠራውም ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ ሳይገባ በፊት ሲነካው እንጂ ከገባ በኋላ አይደለም፤ አሲክሎቪርን የመሰለ የሄርፒስ መድኃኒት ግን በተያዘው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የቫይረሱን መራባት ያግዳል። ቁስሉ በወጣበት ሰዓት ቫይረሱ ሕዋሳቱን ከያዘ ቆይቷል። በተጨማሪም የስብ ሽፋን ባለው በሄርፒስ ላይ የተገኘ ውጤት፣ ሽፋን ለሌለው ለፖሊዮ ቫይረስ ወይም ብዙውን ጉንፋን ለሚያመጡት ራይኖቫይረሶች ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የትኛው ቫይረስ፣ በምን መጠን፣ በምን ዓይነት ሕዋስ ላይ እንደተፈተነ ያልገለጸ መለያ «ገዳይ» የሚለውን ቃል ለመጠቀም መብት የለውም።

ለክፍል ጥሩ ሽታ ለመስጠት ወይም አፍንጫ ሲታፈን ራቅ ብሎ እንፋሎቱን ለመሳብ ለሚፈልግ አዋቂ ሰው ብልቃጡን መግዛት አይከፋም። ለምች ግን አልመክረውም። ሕፃን ልጅ ትንሽ እንኳ ቢውጠው ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ስለሚችል ክዳኑ በልጅ እጅ የማይከፈት መሆን ነበረበት፤ ይህኛው በቀላሉ ይከፈታል፤ «ከሕፃናት ያርቁ» የሚል ጽሑፍም የለውም።