ዲጂታል መቆጣጠሪያና ድምፅ ያለው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል

አዳማ ለሚገኘው ቤቴ የመረጥሁት የሎኮሞቲቭ (የባቡር መጎተቻ) ሞዴል በ1፡87 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ የተሠራ፣ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሲሆን፣ ፍጥነቱም መብራቱም ድምፁም የሚታዘዙት በሐዲዱ በኩል በሚላክ ዲጂታል ምልክት ነው። ከሁሉም በላይ የማረከኝ ድምፁ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያም ይረጋጋል፣ ፍጥነት ሲጨመርለት ደግሞ ጎማዎቹ ገና ሳይንቀሳቀሱ ጉርምርምታው ከፍ ይላል። የዛሬው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ፣ የድሮውን የናፍጣ ምድር ባቡር ለሚያስታውስ የአዳማ ሰው ይህ ድምፅ ትልቅ ደስታ ነው። የድምፅ ማጉያው ግን ትንሽ ስለሆነ ጥሩምባው ሲጮኽ ይሻክራል፤ ከመቆጣጠሪያው ቀነስ ማድረግ ይሻላል።

ሐዲዱ አቧራ በያዘ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ስለሚቋረጥ ሞተሩም ድምፁም አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ አቧራ በማያጣት ከተማችን ጥቂት ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር የተገጠመለትን መምረጥ፣ ዋጋው ቢጨምርም፣ ተገቢ ነው እላለሁ። ትራንስፎርመሩ በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑም ከመግዛት በፊት ይታይ። አዲስ ሎኮሞቲቭ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው በአድራሻ ቁጥር (መቆጣጠሪያው ሎኮሞቲቩን በሚለይበት ቁጥር) 3 ስለሆነ፣ ሁለተኛ የሚጨምር ሰው ቁጥሩን ካልለወጠ ሁለቱም በአንድ ትእዛዝ ይነሣሉ።