ከሰባተኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት፦ የአንዲ ዋርሆል ሙዚየም በፒትስበርግ

አሜሪካ ውስጥ ከምትገኘው ከፒትስበርግ መሀል ከተማ ተነስቶ በአሌጌኒ ወንዝ ላይ የተዘረጋውንና በአሜሪካዊው ሠዓሊ በአንዲ ዋርሆል ስም የሚጠራውን ቢጫ ድልድይ በእግሩ የተሻገረ ሰው፣ ብዙም ሳይራመድ የሠዓሊውን ሙዚየም ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው ይህ ሙዚየም ቀድሞ መጋዘን የነበረ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሲሆን፣ ከላይ እስከ ታች የተሰጠው ለአንድ ሰው ሥራ ነው። ለሚሄድ ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ትኬት እንደ ቆረጠ በአሳንሰር በቀጥታ ወደ ሰባተኛው ፎቅ እንዲወጣ ነው፤ የሠዓሊው ሕይወት ከልጅነቱ ጀምሮ ከላይ ወደ ታች በዘመን ቅደም ተከተል ስለተደረደረ፣ ከታች የጀመረ ጎብኚ ታሪኩን ከጅራቱ ይይዘዋል።

እኔን ከሁሉ አስቀድሞ ያቆመኝ ከሥዕሎቹ አንዱ ሳይሆን፣ ሙዚየሙ ከሠዓሊው የልጅነት ንብረቶች መካከል ያኖረው የሕፃኗ ተዋናይት የሸርሊ ቴምፕል ፎቶግራፍ ነው። ተዋናይቷ ፎቶውን በስሙ ፈርማ ልካለታለች። ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1928 እዚሁ ከተማ፣ ከዛሬዋ ስሎቫኪያ ከመጡ ድሃ ስደተኞች ተወልዶ፣ በልጅነቱ በጽኑ ታምሞ አልጋ ላይ በዋለባቸው ወራት የፊልም ከዋክብትን ምስል ይሰበስብ ነበር። ስለዚህ በኋላ ተዋናይቷን ማሪሊን ሞንሮን ወይም ዘፋኙን ኤልቪስ ፕሬስሊን ሲሥል በዝና ላይ ከሩቅ የሚሳለቅ ምሁር ሆኖ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ የሚሥለው ከልጅነቱ ጀምሮ የወደደውን ነበር።

ቤተሰቡ ያስቀድስ የነበረው በቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስም በተሠራ፣ የባይዛንታይን ሥርዓት በሚከተል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በዚያ መቅደሱን ከምእመናን የሚለየው በቅዱሳን ሥዕሎች የተሞላ ግድግዳ ነው። በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ሥዕለ አድኅኖ ሲያይ ላደገ የአገራችን ሰው ይህ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ፊት ለፊት የሚያይ ፊት፣ ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም፣ ከኋላው የተነጠፈ ወርቅ፣ ያው መልክ ደግሞ ደጋግሞ መቀዳቱ፣ ይህን ሁሉ ከቤታችን እናውቀዋለን። ማሪሊን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1962 ስትሞት ዋርሆል አንድ የማስታወቂያ ፎቶዋን ወስዶ በወርቃማ መደብ መካከል አተማት። ሥዕሉ ያለው ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቢሆንም፣ ከየት እንደ ተቀዳ የሚገባው ግን ፒትስበርግ ላይ ነው።

ከሥዕሎቹ ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራውና ኤልቪስን አሥራ አንድ ጊዜ የደጋገመው ሥራ ነው። ዘፋኙ ከአንድ ፊልም ማስታወቂያ እንደ ተወሰደ ሽጉጡን ደግኖ፣ በብርማ መደብ ላይ ጎን ለጎን ቆሟል። ከሩቅ ሲታይ አሥራ አንዱም አንድ ይመስላሉ። ቀርቦ ለሚያይ ግን ቀለሙ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ሳስቷል፤ እጅና ሽጉጥ ጎልተው ፊት የሚደበዝዝበት አለ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በትእዛዝ የሠራቸው የባለጠጎች ምስሎች ግን ቀዝቀዝ አሉብኝ። ያው ቀለምና ያው ዘዴ ቢኖራቸውም ፍቅሩ የለባቸውም፤ ሕዝብ ያላነገሠውን ፊት ሠዓሊ ብቻውን ሊያነግሠው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ከሠራቸው ስፖርተኞች መካከል ጡጫውን የጨበጠው ሞሐመድ አሊ ከእነዚህ ይለያል።

የአንዲ ዋርሆል ሙዚየም የሚሰጠውን አገልግሎት ከሌሎች የምለይበት ዋና ምክንያት በምድር ቤት የሚገኘው የሥራ ክፍል ነው። ጎብኚ እዚያ ወርዶ በራሱ እጅ ሲልክ ስክሪን ማተም ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቲሸርት የሚያትሙ ወጣቶች ይህን ሥራ በዚሁ ስም ያውቁታል። በፍሬም ላይ የተወጠረውን እንደ ወንፊት የረቀቀ ጨርቅ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋሉ፣ ቀለም ከአናቱ ያፈሳሉ፣ ከዚያም በጎማ መጥረጊያ ወደ ራስዎ አጥብቀው ይስባሉ። ክንድ መሀል ላይ ጥቂት ሲላላ ቀለሙ ይሳሳል፤ መጥረጊያው ሲቆም ደግሞ ጥቁር መስመር ይቀራል። ጨርቁን ባነሣሁ ጊዜ የታየኝ ግራ ጉንጩ የደበዘዘ ፊት ነበር፣ ከላይ ከኤልቪስ ፊት ለፊት ቆሜ ያየሁት ያው መደብዘዝ።

ሙሉ ቀን ለሌለው ሰው ሦስት ሰዓት ይበቃዋል፤ አንዱን ሰዓት ግን ለምድር ቤቱ ይተው። ወረቀቱ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እኔ በዚያ መሀል ኤልቪስን ደግሜ ለማየት ወደ ላይ ተመልሻለሁ።