ኤስአር-71 ወይስ ኤፍ-14፦ ቢመለስ የሚሻለው የትኛው ነው?

ጡረታ ከወጡት የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች መካከል ወዳጆቻቸው መመለሳቸውን አጥብቀው የሚመኙላቸው የስለላው ኤስአር-71 እና የባሕር ኃይሉ ተዋጊ ኤፍ-14 ናቸው።

ወጪ፦ ኤስአር-71 ጄፒ-7 የተባለ ልዩ ነዳጅ ስለሚጠቀም ይህንኑ ነዳጅ በአየር ላይ የሚሞሉለት አውሮፕላኖች ያስፈልጉታል፤ አካሉ በበረራ ሙቀት እስኪለጠጥ ድረስም መሬት ላይ ቆሞ ከታንኩ መገጣጠሚያዎች ነዳጅ ያንጠባጥባል። የኤፍ-14 ተንቀሳቃሽ ክንፎች ደግሞ ብዙ ጥገና ይጠይቃሉ።

የመመለስ ዕድል፦ ኤስአር-71 እ.ኤ.አ. በ1990 ተሰናብቶ በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ በእርግጥም ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ነበር። ኤፍ-14 ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ከተሰናበተ በኋላ መለዋወጫው ይህንኑ አውሮፕላን ቀደም ሲል ከአሜሪካ በገዛችው ኢራን እጅ እንዳይገባ ተብሎ ብዙዎቹ ተቆራርጠዋል፤ እንደ እኔ እምነት ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው።

የሳተላይትን የማለፊያ ሰዓት ሳይጠብቅ በድንገት መቃኘት ለሚሻ ኤስአር-71፣ መርከቦችን ከሩቅ መከላከል ለሚሻ ኤፍ-14 ይመረጣል።